አዴ ጌጤ መሀል የገቡ ዕለት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለቤተሰቤም ሆነ ለጓደኞቼ እየቆነጠርኩ ከመንገር በቀር ከነጥፋቴ አውርቼላቸው አላውቅም። አሁን ለመጻፍ የተነሳሁት፣ ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር ሰዎች «አንተ ግን የማን ደጋፊ ነህ?» ሲሉኝ የምመልሰው ስለማጣ ነው። መልስ በፈለግሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው።

የምንኖረው ሰበታ ነው። እናትና አባቴ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው እኔን በሕፃንነቴ ይዘው ወደ ሰበታ ወጡ። አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ በማለዳ ሰርቪስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሥራ ይገባል። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። ኦሮምኛን ደግሞ ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ልጆች ጋር ስውል ስለለመድኩት አፌን የፈታሁበት ያህል እናገረዋለሁ።

መንግሥትን አምን ነበር። ለውጥ መጣ ሲባል ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዜና ሲከፍት ቤታችን ጸጥ ይላል፤ እናቴ ድስቱን አውርዳ መጥታ ትቀመጣለች። እኔ በቴሌቪዥን የሰማሁትን ንግግር በቃሌ ይዤ መስታወት ፊት ቆሜ እደግመው ነበር። ሀገር በጥሩ ንግግር የምትቀና ይመስለኝ ነበር።

አንደኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ወደ ቤት ስመለስ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ተመዘገብኩ። ቢጫ ኮፍያና ደብተር ተሰጠን። ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል ኮረብታ ላይ ያለ አንድ መንደር ቤት ለቤት እየዞርን እንድንመዘግብ ተላክን። የመንደሩን ስም አልጠራውም። ከገበሬ ላይ ቦታ ገዝተው ቤት የሠሩ ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ ካርታ የላቸውም። እንዲህ ያሉትን ቤቶች ሰዉ «ጨረቃ ቤት» ይላቸዋል። ያሰማራን አስተባባሪ፣ ምዝገባው ለነዋሪዎቹ ካርታ ለመስጠት ስለሆነ ሳይፈሩ እንዲናገሩ አስረዷቸው አለን።

ሰዉ መጀመሪያ ይጠራጠር ነበር። ልጆቻቸውን በር ላይ ልከው «የሉም» ያስብሉናል። እኔ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ስለምችልና ፊቴም የዋህ ስለሚመስል ይከፍቱልኛል። «ካርታ ልታገኙ ነው» እላለሁ። የባልና የሚስት ስም፣ የልጆች ብዛት፣ ቤቱ የተሠራበት ዓመት፣ ቦታው ከማን እንደተገዛ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ዝናብ ያበላሽብኛል ብዬ የደብተሩን ገጾች በስልኬ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ትጉህ ነበርኩ።

አዴ ጌጤን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። «አዴ» በኦሮምኛ ለሴት ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። የመንደሩ ግማሹ ድሮ የእሳቸውና የባላቸው እርሻ ነበር፤ ባላቸው ሕመም ላይ ሳሉ ሸንሽነው ሸጡት። በግቢያቸው ከዋናው ቤት ሌላ ለሟች ልጃቸው ሚስት ያሠሩላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለች። ምራታቸው ከልጆቿ ጋር እዚያ ትኖር ነበር።

ተቀመጥ ብለው እርጎ ሰጡኝ። ስጽፍ እጄን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ይሄ የምትጽፈው ለደግ ነው?»

«ለደግ ነው እማማ።»

«ማን ይሙት?»

«እናቴ ትሙት» አልኩ።

ያስገደደኝ የለም። ጽፌ ስጨርስ መርቀውኝ፣ እስከ በር ሸኝተውኝ ተመለሱ።

ምዝገባው እንዳለቀ አስተባባሪው ቢሮ ጠራኝና ንጹሑን ቅጂ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ፤ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ነው። ከላይ የሚገባውን ርዕስ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። «የሚነሱ ሕገ ወጥ ግንባታዎች ዝርዝር» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። «ካርታ ለመስጠት አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ሰዉ እንዲነግረን ነዋ» አለኝ። «እውነቱን ብትነግራቸው ኖሮ ማን በር ይከፍትልህ ነበር?» ክፉ ሰው አይመስልም። እንዲያውም ሻይ አዘዘልኝ።

ሻዩን ሳልጠጣ፣ ቅጂውን ሳልጨርስ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል። ምንም አላደረግሁም። መንደሩ በታክሲ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ወጥቼ «ተጠንቀቁ» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ። ትምህርት እስኪከፈት ቤት ተዘግቼ ከረምኩና ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ወደ ዶርሜ ገባሁ።

የገና በዓል ሲቃረብ አንድ የክፍሌ ልጅ በስልኩ ቪዲዮ እያየ አገኘሁት። ማሽን ቤት ይንዳል። ሴቶች ፍራሽ ተሸክመው ይሮጣሉ። ኮረብታውን አወቅሁት። በሰማያዊ የተቀባ የብረት በር ወድቆ ሳይ ደግሞ የበሩን ባለቤት ስም፣ የልጆቹን ብዛት፣ ቤቱን የሠራበትን ዓመት ሁሉ አስታወስኩ፤ በእጄ የጻፍኩት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና መስማት ተውኩ። አባቴ ሲደውል ስለ ፖለቲካ ካነሳ ኔትወርክ የለም ብዬ እዘጋበት ነበር።

ይህን የብስጭቴን ወሬ የሰማ አንድ ጓደኛዬ ወደ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ቢሮ ወሰደኝ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የወጣት ክንፉ ኃላፊ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ መጽሐፍ ከብብቱ የማይጠፋ ሰው ነበር። ታሪኬን ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። እንደ ታላቅ ወንድም አየሁት። በስልኬ ያሉትን የደብተር ገጾች ሳሳየው አንድ በአንድ አገላበጣቸውና «አንተ እኮ ታሪክ በኪስህ ይዘህ ነው የምትዞረው» አለኝ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። የበደልኳቸውን ሰዎች ልክሳቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠራኝ። «ከዝርዝሩ ውስጥ የእኛን ሰዎች ለይልን» አለኝ።

«የእኛ ማለት?»

«አንተ ደግሞ፣ ታውቀው የለ።»

አውቀው ነበር። ሠራሁትም። የራስንና የአባትን ስም እያየሁ፣ ፊታቸውንና አነጋገራቸውን እያስታወስኩ «የእኛ» የሚባሉትን በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ያዝኩ። ሰለሞንና ማርታ የሚባሉ ባልና ሚስት ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከሁለት ብሔር መሆናቸውን ስመዘግባቸው ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኝ ነበር። ለኃላፊው ደውዬ እነዚህን የት ላስገባቸው አልኩት።

«በባልየው ቁጠራቸው» አለ። ጥቂት አሰበና «ቆይ፣ ሚስትየዋ ናት የእኛ? እንግዲያው በሷ ይሁን፤ ቁጥር ይጨምርልናል» አለኝ።

ያኔ እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ነበረብኝ። አላስቀመጥኩም። ይህን ዝርዝር ጨርሼ ሰጠሁ።

እንግዲህ ያ እሁድ መጣ። ፓርቲው ተፈናቃዮቹን ሊጎበኝ ተነሳ። ኃላፊውን ጨምሮ አራት ሰዎች፣ አንዱ ካሜራ የያዘ፣ እኔ አምስተኛ ሆኜ በአንድ መኪና ሄድን። ሰዎቹ ብርድ ላይ ስለሆኑ ሸራ ወይም ብርድ ልብስ እንያዝ ብዬ ለምኜ ነበር። መኪናው ኋላ የተጫነው ግን ተጠቅልሎ የታሰረ ባነር ብቻ ነው።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቤት የነበረበት ሁሉ የጭቃና የቆርቆሮ ክምር ነው። ሰዉ በአዴ ጌጤ አጥር ዙሪያ ላስቲክ ወጥሮ ሰፍሯል። የአሮጊቷ ዋና ቤት የድሮ የገበሬ ይዞታ ስለሆነ ቆሟል፤ የምራታቸው ቤት ግን የለም። ኋላ እንደሰማሁት በዚያች በቀረችው ቤት ውስጥ ምራታቸውን ጨምሮ ሦስት ቤተሰብ ያድር ነበር። አዴ ጌጤ ራሳቸው የሚተኙት የከብቶቹ በረት አጠገብ ነው።

ከመኪና ስንወርድ እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አንገቴን ሰብሬ «አካም ጂርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። አጸፋውን መለሱልኝ። ያወቁኝ አልመሰለኝም።

ኃላፊው ብሎኬት ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። ጥሩ ይናገራል። ሲጨርስ እኔ ያሰመርኩበትን ወረቀት አወጣና ስም እየጠራ ለፎቶ ወደ ፊት ያወጣቸው ጀመር። የተጠሩት ወጡ። ያልተጠሩት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኛስ?» አለ ከመሀል አንድ ሰው። «የእኛን ቤት በአበባ ነው እንዴ ያፈረሱት?»

ሰዎች ሳቁ። ተናጋሪው ኑሪ ይባላል። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ኃላፊው ነገሩን እንዳበርድለት በዓይኑ ጠቀሰኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ። አፌን ከመክፈቴ ኑሪ ፊቴን አተኩሮ አየው።

«ቆይ» አለ። «አንተን አውቅሃለሁ። ቢጫ ኮፍያ። ‹ካርታ ልታገኙ ነው› ያልከኝ አንተ ነህ።»

ከጎኑ የነበረችው ማርታ ቀረብ ብላ አየችኝና «እሱ ነው» አለች። «ቤታችን ተቀምጦ ነው የጻፈን።»

የኃላፊው እጅ ከትከሻዬ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ። «ይህን ልጅ እኛም ገና በቅርቡ ነው ያየነው» ሲል ሰማሁት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። «ሰርጎ ገብ ሊሆን ይችላል። እናጣራለን።» ዞሬ ሳየው ወደ መኪናው እየሄደ ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። የመኪናው በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። ቁልቁል ሲወርዱ ያስነሱት አቧራ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ሰዉ ከበበኝ።

ማን መጀመሪያ እንደመታኝ አላውቅም። ጆሮዬ ጮኸ። ደግሞ በዱላ ትከሻዬን ተመታሁና በጉልበቴ ወደቅሁ። ለመሮጥ አላሰብኩም። ዱላው ይገባኛል ብዬም ነበር መሰለኝ። ቀና ስል ኑሪ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ የፈረሰ መሠረት ድንጋይ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቷል። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንባ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድንጋዩ አልወረደም።

ዓይኔን ስገልጥ የማየው የሴት ጀርባ ነው። በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ አሮጌ ሹራብ፣ ከሥሩ ሰፊ ቀሚስ። አዴ ጌጤ በእኔና በኑሪ መሀል ቆመዋል። በእጃቸው ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ከእድሜ ብዛት የጠቆረች በትር ይዘዋል። ሲንቄ ነበረች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሲንቄ በኦሮሞ ባህል ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበላት በትር ናት። አይማቱባትም። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በሚጣሉ ሰዎች መሀል ከቆመች ጠቡ እዚያው ያበቃል፤ እሷን አልፎ የሚማታ የለም። ይህን ከሽማግሌዎች ሰምቼው አውቃለሁ። የድሮ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አዴ ጌጤ አልጮሁም። በኦሮምኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ቁሙ» ማለት ነው።

ከሃምሳ የማያንስ ሰው ከቦኛል፤ ዱላ የያዘ አለ፣ ብረት የያዘ አለ። ሁሉም ባለበት ቀረ። ዱላ ያነሳው ጎረምሳ እጁን ለማውረድ እንኳ ረሳ። ከበስተኋላ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኑሪ ኦሮሞ አይደለም፤ የመጣውም ከሌላ አካባቢ ነው፤ የሲንቄ ሥርዓት እሱን አያስረውም። ግን እሱም የአሮጊቷን ፊት አየ። ያየውን እኔ አላየሁም፤ ወደ እኔ የዞረው ጀርባቸው ነው። ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አወረደና እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቆ መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

እኔም አለቀስኩ። ከሕመሜ አይደለም።

አዴ ጌጤ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምንም ርኅራኄ አልነበረም። «ከመኪናው ስትወርድ ነው ያወቅሁህ» አሉ። «እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«በእሷ ምለህልኛል። እግዜር ይቅር ይበልህ፤ እሷን ምንም አያድርግብህ። በል ተነስ፣ ተቀመጥ። የሠራኸውን ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው። ምንም ሳታስቀር።»

በርጩማ አመጡልኝ። እሳቸው ሲንቄያቸውን እንደያዙ አጠገቤ ቆሙ። ተናገርኩ። ርዕሱን ሳነብ የሆንኩትን፣ ሳልነግራቸው መሸሼን፣ ቪዲዮውን ማየቴን። በመጨረሻ የቀዩን እስክሪብቶ ነገር ተናገርኩ። ከማሽኑ ይልቅ ያ የባሰ መሰለኝ፤ ማሽኑ እንኳ ማንንም ሳይለይ ነው ያፈረሰው።

«እኔን የት ጻፍከኝ?» አለ ኑሪ ካለበት ሆኖ።

«አላሰመርኩብህም።»

«እኛንስ?» አለች ማርታ።

«ባልሽን ትቼ አንቺን አሰመርኩ። ቁጥር ይጨምራል ተብዬ።»

ማርታ ባሏን ዞር ብላ አየችው። ሰለሞን ራሱን እያከከ «እኔ ታዲያ የት ሄድኩ?» አለ። እሷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሀል ሰው ሳቀ። የሚስቁት በእኔ ነበር፤ ግን ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ትንፋሽ ያገኘሁት ያኔ ነው።

አዴ ጌጤ አልሳቁም። «ወረቀቱ አሁንም አለህ?» አሉኝ። ስልኬ ውስጥ አለ አልኳቸው።

ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ወዳፈረሰው ቢሮ ሲመላለሱ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፤ ቤቶቹ በዚያው ዓመት የተሠሩ ናቸውና ምትክ ቦታ አይገባችሁም ይባላሉ። እኔ ግን እያንዳንዱ ቤት የተሠራበትን ዓመት ጽፌያለሁ፤ ያውም የምዝገባው ሠራተኛ ሆኜ። ይህን ከእኔ ቀድመው የተረዱት ፊደል ያልቆጠሩት አዴ ጌጤ ናቸው።

እስኪመሽ ድረስ ከስልኬ እያየሁ ገለበጥኩ። ማንንም ሳልለይ፣ ሁሉንም። ሰለሞንን ከነሚስቱ ጻፍኩ። እያንዳንዱ እየመጣ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን አሳረፈ። ከታች «ይህን የመዘገብኩ እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም እውነት ነው» ብዬ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ለማንም ወገን ሳልሆን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቀርቼ አብሬያቸው ወደ ቢሮው ሄድኩ። አዴ ጌጤና ሌሎች ስድስት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከፊት ሄዱ። መፈክር የለም፤ የጮኸም የለም። ግቢ ገብተው ሳሩ ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። የበር ጠባቂው ሊያስቆማቸው ተነስቶ በትሮቹን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ። ያ ሻይ ያዘዘልኝ አስተባባሪ ከቢሮው ወጣ፤ እኔን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የቢሮው ዋና ኃላፊ ራሱ ከፎቅ ወረደ። ወንበር እንዲመጣላቸው አዘዘ፤ አልተቀበሉም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ከአዴ ጌጤ እጅ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ዝርዝሩ ታይቶ ቆየት ያሉት ነዋሪዎች ራቅ ያለ ቦታ ምትክ ተሰጣቸው፤ ማርታና ሰለሞን አግኝተዋል። ለሌሎቹ «በሂደት ላይ ነው» እንደተባለ ቀረ። ኑሪ ምንም አላገኘም፤ ቤተሰቡን ይዞ ቡራዩ ቤት ተከራየ። እኔም ሁለት ጊዜ ተጠርቼ «ማን ላከህ?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ማንም አልላከኝም አልኩ፤ አላመኑኝም። ፓርቲው ደግሞ ምትኩ የተገኘው በእሱ ትግል መሆኑን ገልጾ መግለጫ አወጣ። የእሁዱን ፎቶ ለጥፈውበታል፤ ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ክንድ ይታያል፤ የእኔ ነው።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ሲያልፍ አዴ ጌጤን ለመጠየቅ ወጣሁ። እናቴን ይዤ ነው የሄድኩት፤ በእሷ ስለማልኩ ልታያቸው ይገባል ብዬ። ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያወጉ ቆዩ። ስንነሳ ውስጤ ሲብላላ የከረመውን ጥያቄ አወጣሁት። ያን ሁሉ በደል ሠርቼባቸው ሳለ ለምን እንዳዳኑኝ ጠየቅኋቸው።

ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል።

«አንተን ብዬ መሰለህ?» አሉኝ። «ኑሪ ሦስት ልጆች አሉት። ያ ድንጋይ ቢያርፍብህ ኖሮ አንተስ አንዴ ትሞታለህ። እሱ ግን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዴት ይኖራል? ማንስ ልጆቹን ያሳድጋል?»

በሁለቱም ወገን ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ድንጋይ ስለሚወረወርበት ሰው የተናገረ ሰምቻለሁ፤ እንዲወረወር የመከረም ሰምቻለሁ። ድንጋዩን ለያዘው ሰው የሳሳ ግን ከእሳቸው በቀር አላየሁም። አሁን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ዝም የምለው ፈርቼ አይደለም። ያን ቀን የተደገፍኩት የአንዲት አሮጊት ጀርባ ስለሆነ፣ ይህን ደግሞ በአንድ ቃል እንዴት አድርጎ መናገር እንደሚቻል ስለማላውቅ ነው።